የ7 ወር ልጅ ይዞ ዲዝኒ ወርልድ መሄድ፤ እናቴም አብራን ናት

የሜሪላንዷ እናት · ሰኔ 4
ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ወዳለው ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ ተነስተናል። ትልቋ ልጄ 5 ዓመቷ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ በየማታው «ስንት ቀን ቀረን?» ሳትለኝ አትተኛም። ወንድሟ የተወለደው በገና ሰሞን ስለሆነ ያን ጊዜ ገና 7 ወሩ ነው። ጡት ይጠባል፣ ምግብ የምናስጀምረው በሚመጣው ወር ነው። እናቴ ከድሬዳዋ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት፤ እሷም አብራን ትሄዳለች።

ባለቤቴ ትኬቱን ቆርጦ ጨርሷል። እናቴ «ይሄ እንቦቃቅላ በዚያ ፀሐይ ምን ሊያይ ነው?» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ «እናትሽ ካለችማ ምን ቸገረሽ፣ ልጁን ይዛ ጥላ ሥር ትቀመጥልሻለች» ይሉኛል። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። የትልቋን ደስታ መንጠቅ አልፈልግም፤ ሕፃኑንም ማንገላታት አልፈልግም። ሕፃን ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። የት ይጠባል? የት ይተኛል? ሙቀቱስ እንዴት ነው?

የሦስት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ) · ሰኔ 4
እህቴ፣ ሂጂ። እኔ የመጨረሻዋን በ8 ወሯ ይዣት ሄጃለሁ። ጥያቄሽን በየተራ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ገንዘቡ፦ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ መግቢያ አይከፈልበትም። የዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ካረፋችሁ የሕፃን ታጣፊ አልጋ ስትጠይቂ በነፃ ያመጡልሻል።

ጡቱን በተመለከተ፦ በአራቱም ፓርኮች ውስጥ «ቤቢ ኬር ሴንተር» የሚባል ቤት አለ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ከዋናው ጎዳና መጨረሻ ላይ፣ ክሪስታል ፓላስ ከሚባለው ምግብ ቤት ጎን ነው። እግርሽ እንደገባ መጀመሪያ እሱን እይው። ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የማጥቢያ ክፍል፣ ዳይፐር መቀየሪያ፣ የልጅ ከፍ ያለ ወንበር፣ ማይክሮዌቭና ማጠቢያ አለው። ዳይፐር ወይም የዱቄት ወተት ቢያልቅብሽ እዚያው ትገዢያለሽ። ውጪ ማጥባት ብትፈልጊም ማንም ቀና ብሎ አያይሽም፤ ፍሎሪዳ እኮ እናት በሕዝብ ፊት ማጥባት መብቷ ነው ብላ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ 1993 ላይ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢልኝ፤ ቀኑን የሚመራው የሕፃኑ እንቅልፍ ይሁን። ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ፣ እኩለ ቀን ላይ ውጡና ሆቴል ሄዳችሁ ልጁም እናንተም ተኙ። ጉልበት ካላችሁ ወደ ማታ ተመለሱ፣ ከሌላችሁ ቅሩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን» ብሎ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ካልቆየሁ ይላል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ትልቁ ያለቅሳል፣ ባልና ሚስት አይነጋገሩም። ግማሽ ቀን ይበቃል። የቀረው ቢቀር ልጅቷ የቀረባትን አታውቀውም፤ ያየችውን ነው ለጓደኞቿ የምትናገረው።

ዳላስ ነኝ · ሰኔ 4
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ ቅር እንዳይልሽ። መሄዱን አልቃወምም፣ ነሐሴን ግን ተዪው። እኛ የመጀመሪያ ልጃችንን በ9 ወሩ በአሜሪካው በጋ ሙቀት ወሰድነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ጡት እንቢ አለ፣ ፊቱ ቀላ፣ ዳይፐሩ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ደረቅ ሆነ። የፓርኩ የመጀመሪያ ሕክምና ጣቢያ አስገብተው አቀዘቀዙልን፣ ተረፈ፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ሰዓት ስታነሳ ድምጿ ይቀየራል። ቀኑን ወደ ኅዳር ወይም ወደ የካቲት ብታዞሩት ሌላ ዓለም ነው። ትልቋ ልጅሽ 5 ዓመቷ ስለሆነ ጥቂት የትምህርት ቀን ቢያመልጣት ብዙም አይጎዳት።

የሕፃናት ነርስ · ሰኔ 5
ወንድሜ ዳላስ የተናገረው በደንብ ይሰማ። ደረቅ ዳይፐር፣ ሲያለቅስ እንባ አለመኖር፣ መፍዘዝ፣ እርግብግቢቱ ጎድጎድ ማለት፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሰልፉንም ፎቶውንም ትታችሁ ወደ ቀዝቃዛ ቤትና ወደ ሕክምና ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን የእኛን እናቶች አደራ እላለሁ፤ እኔም ከእናቴ ጋር የተከራከርኩበት ነው። ጋሪ ላይ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ አትጣሉ። ሐሳቡ ፀሐይን መከለል ነው፣ ከዓይንም መሸሸግ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ጋሪው ሲሸፈን አየሩ መዘዋወር ያቆምና ውስጡ ከውጪው ይብስ ይግላል። ሕፃኑ ዝም ሲል «ተኛ» እንላለን፣ እሱ ግን ደክሞ ይሆናል። የጋሪውን የራሱን ጥላ ዘርጉ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ጣቱ በማይደርስበት ቦታ ላይ ስኩ፣ በየጥቂቱ አንገቱን በእጃችሁ ዳብሱት። አዝላችሁት ወይም ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁት ከሆነ የእናንተ ሙቀትም እንደሚጨመርበት አስቡ።

6 ወር ያልሞላው ሕፃን ውሃ አይሰጠውም፣ ጡቱ ይበቃዋል፤ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። የፀሐይ ቅባትም ከ6 ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥላና ስስ እጅጌ ያለው ልብስ። 7 ወር ላይ መቀባት ይቻላል፣ ዋናው መከላከያ ግን ያኔም ጥላ ነው።

ሌላው ኩፍኝ ነው። 2014 መጨረሻ ላይ ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ውስጥ የጀመረ የኩፍኝ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቶ ነበር። ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ በመደበኛው የሚጀመረው 12 ወር ላይ ስለሆነ ልጅሽ ያን ጊዜ ገና አይከተብም። ስለዚህ በዙሪያው ያላችሁ ሁሉ መከተባችሁን አረጋግጡ፤ የ5 ዓመቷ ሁለተኛው መርፌ የሚሰጠው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከጉዞው በፊት ለሐኪማችሁ የት እንደምትሄዱ ንገሩት።

የሜሪላንዷ እናት · ሰኔ 5
እግዜር ይስጥልኝ። የነጠላውን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እኛ ስንሸፍን እኮ አገሩ ነፋሻ ነበር» አለች። ድሬዳዋ ግን ነፋሻ አልነበረም። ወዲያው ደግሞ «በሉ ማራገቢያውን ግዙ» አለች፤ ተስማምተናል ማለት ነው።

ኦርላንዶ ሰፈሬ · ሰኔ 5
እዚሁ ነው የምኖረው፤ ሥራዬም ሰው ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል ማመላለስ ስለሆነ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ በየቀኑ አያለሁ። የነሐሴ ከሰዓት እዚህም ዝናብ ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ግን አይበርድም። ነጎድጓዱ ይወርድና ያባራል፤ ከዚያ መሬቱ ይተናል። መብረቅ ሲኖር ውጪ ያሉት መጫወቻዎች ይዘጋሉ። አውሎ ነፋስ የሚጠበቅበት ወቅትም ከሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው።

ጋሪ ስትመርጡ ከ31 ኢንች በላይ የሰፋ፣ ከ52 ኢንች በላይ የረዘመ አይገባም። ልጅ የሚጎተትበት ሠረገላ መሰሉም ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል። ፓርኩ ውስጥ የሚከራየው ጋሪ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ለ7 ወር ልጅ አይሆንም፣ ተጋድሞ አይተኛበትም። የራሳችሁን አምጡ፤ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ይሁን። አውቶቡስ ላይ ማጠፍ ግዴታ ነው፤ ሕፃን በአንድ እጅ፣ ቦርሳ በጀርባ፣ ጋሪ በሌላ እጅ ይዞ መሳፈር ምን እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። ማጂክ ኪንግደም ደግሞ በመኪና ብትሄዱም በሩ ላይ አያደርሳችሁም። ከመኪና ማቆሚያው በጀልባ ወይም በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ነው) ሐይቁን ማለፍ አለባችሁ። እዚያ ላይ ጋሪውን ማጠፍ አያስፈልግም፤ ግን ሲገባም ሲወጣም ጊዜውን አስቡበት፤ «የተኛው ልጅ ከመነሣቱ በፊት ሆቴል እንደርሳለን» ያለ ሁሉ እዚያ ነው የሚዘገይበት።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ብርጭቆ ክልክል ነው፣ የሕፃን ምግብ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ግን ይገባል። ልቅ በረዶ አይገባም፤ ወተት ለማቀዝቀዝ በላስቲክ የታሸገውን የሚቀዘቅዝ ከረጢት ያዙ። የቀዘቀዘ ውሃ ከፈጣን ምግብ ቤቶቹ በነፃ ይቀዳላችኋል።

የአትላንታ ልጅ · ሰኔ 6
ጥያቄሽ ውስጥ ያለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። «እናትሽ ካለችማ ልጁን ይዛ ጥላ ሥር ትቀመጥልሻለች» ያሉሽን።

እኔ ያንን አድርጌዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት እናቴ ከጎንደር ለጉብኝት መጥታ ሳለ ሴት ልጄ 6 ወሯ ነበር። አብረን ሄድን። እናቴ ለሦስት ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔና ባለቤቴ ከወንዱ ልጅ ጋር ስንሰለፍ፣ ስንሳፈር፣ ስንመለስ እሷ ከሕፃኗ ጋር እዚያው ናት። «ደከመሽ?» ስላት «ኧረ ምን ሠራሁ፣ ተቀምጬ አይደል» ትለኛለች። ቤት ስንመለስ ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ከ400 በላይ ፎቶ ውስጥ እናቴ ያለችበት ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ወንበሩ ላይ። አገር ቤት ከተመለሰች በኋላ ጎረቤት «አሜሪካ ምን አየሽ?» ሲላት «ልጅ ስይዝ ነበር» ብላ መለሰች አሉ። በቅሬታ አይደለም የተናገረችው፤ እንደ ተራ ነገር ነው። እኔን ግን ያኔ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም።

በኋላ ነው «ራይደር ስዊች» የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት። ቁመት የሚጠይቀው፣ ማለትም አጭር ልጅ የማያሳፍረው መጫወቻ ጋ ስትደርሱ በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ ሕፃን እንዳላችሁ ትነግራላችሁ፤ አንዱ ወላጅ ሲሳፈር ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቆያል፣ ከዚያ ሁለተኛው ረጅሙን ሰልፍ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ክፍያ የለውም። ይህን ባውቅ እኔና ባለቤቴ እየተቀያየርን ልጃችንን እንይዝ ነበር። እናትሽን እባክሽ ልጅ ጠባቂ አድርገሽ አትውሰጃቸው።

የሦስት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ) · ሰኔ 6
እህቴ አትላንታ፣ አነበብኩትና አለቀስኩ። እውነት ነው። እኔም ልጨምር፤ ሁሉም አብሮ የሚገባበትም ብዙ አለ። በጀልባ የሚኬድባቸው፣ ፈረሶቹ የሚዞሩበት፣ የሚበሩት ዝሆኖች፣ ከላይ ከላይ ቀስ ብሎ የሚሄደው ፒፕል ሙቨር፣ ኤፕኮት በሚባለው ፓርክ ውስጥ በጀልባ አትክልት የሚታይበት፣ ሁሉም ቁመት አይጠይቁም። ሕፃኑ ጭን ላይ፣ አያቱ አጠገብ። ለትልቋ ደግሞ ቁመቷን ቤት ለኪያት። ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን ለሚባለው መጫወቻ 38 ኢንች ይበቃል፣ ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ግን 44 ይጠይቃል። ሰልፍ ጨርሳ በር ላይ ከምትመለስ ቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

የልጅ ልጆች አያት (ሲያትል) · ሰኔ 7
ልጆቼ፣ እኔ የምጽፈው ልጄ እየረዳችኝ ነው። እናትሽን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ይናገራል፤ እሳቸውን ማን ጠየቀ? «እማዬ፣ አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» በያት። እኔን የልጅ ልጄ ነበር የጠየቀኝ፤ «አንበሳ» አልኩት፣ እንስሳት ግዛት (አኒማል ኪንግደም የሚሉት ፓርክ) ወሰዱኝ። ጠዋት በማለዳ ነው ያየነው፤ ፀሐይ ሲበረታ እንስሳቱም ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ።

ደግሞ ነሐሴ መጀመሪያ ያልሽው ፍልሰታ አይደል? ነሐሴ 1 ይገባል። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ምግቡን አስቢበት። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ቅጠል የተሣለበት ከሆነ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም፤ እኔ ያንን እያየሁ ነው የበላሁት። ቢሆንም ጾም ይዞ፣ ሙቀት ላይ፣ ልጅ ታቅፎ መዋል ለሽማግሌ ከባድ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነም አትፈሪ፣ መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። እኔ መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ራሴ ጠየቅኩ።

ሕፃኑንም እዘዪው። ጋሪ ጥሩ ነው፣ ጀርባ ግን ልጅ ያረጋጋል። አሁን የሚሸጠው አንቀልባ ለወገብም ደግ ነው። እዚህ የጻፈችው ነርስ ስለ ሙቀቱ ያለችውን ግን ስሚ።

ሹፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ) · ሰኔ 7
በመኪና ወይስ በአውሮፕላን የሚለውን ማንም አላነሳም። ከዲሲ አካባቢ ኦርላንዶ 850 ማይል ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ 13 ሰዓት፣ ከሕፃን ጋር ሁለት ቀን በሉት። በየሁለት ሰዓቱ ከመቀመጫው አውጥታችሁ ማንቀሳቀስ አለባችሁ። እኔ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአገር ውስጥ በረራ ጭን ላይ በነፃ ይሄዳል፣ የልደት ወረቀቱን ያዙ። የታለበ የጡት ወተት ፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ይፈቀዳል፤ ለሠራተኛው ቀድማችሁ ንገሩ። ሲነሳና ሲያርፍ ይጥባ፣ ጆሮውን ያቀልለታል።

የሜሪላንዷ እናት · ሰኔ 9
ተሰብስበን ተነጋገርን። ቀኑን ወደ ኅዳር መጀመሪያ አዞርነው፤ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። የትኬቱን የዋጋ ልዩነት ከፈልን። እናቴን ጠየቅኳት፤ «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ስላት ለረጅም ጊዜ አሰበች። ከዚያ «ባቡር አለ?» አለችኝ።

የሜሪላንዷ እናት · ኅዳር 14
ተመልሰናል! የመከራችሁኝን ሁሉ እያሰብኩ ነው የሄድኩት፣ ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጁ 10 ወሩ ስለሆነ አሁን ይድሃል፤ ይህ ያላሰብነው ነበር። ጋሪ ላይ ታስሮ መዋል አልፈለገም። ቤቢ ኬር ሴንተር በየቀኑ ሁለቴ ገብተናል፤ እዚያ የጠባው ጡት እንደ ቤት ነው፤ ውጪ ግን ድምፅ በሰማ ቁጥር ጡቱን ይለቃል። ሆቴል እኩለ ቀን ላይ መመለሳችን ጉዞውን አዳነው። አንድ ቀን ብቻ ትልቋ ለምናን እስከ ርችቱ ቆየን። የጆሮ መከላከያ አድርገንለት ነበር፣ ግን ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሣ፣ በዚያ ሕዝብ መሃል እስከ ጀልባው ድረስ አለቀሰ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከሆቴል አልወጣንም። ርችቱን ከሩቅ ማየት ይበቃ ነበር።

ጋሪያችንም አንዴ ጠፋ። ከመጫወቻው ስንወጣ የለም። የፓርኩ ሠራተኞች ቦታ ለማስተካከል ያንቀሳቅሷቸዋል፤ ሁለት ረድፍ ወዲያ ማዶ አገኘነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥብጣብ እጀታው ላይ አስሬ ነበርና እናቴ ናት ከሩቅ የለየችው።

እንስሳት ግዛት በማለዳ ገባን። ሐራምቤ የሚባለው መንደር በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ አምሳል የተሠራ ነው፤ እናቴ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች «ሐረርን መሰለኝ» አለች። በክፍቱ መኪና ስንዞር ቀጭኔዋ በቅርብ አለፈች። ሕፃኑ አባቱ ጭን ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን ሊያይ ነው?» ያለችው አያቱ «አየ፣ አየ!» እያለች ክንዴን ትጎትተኝ ነበር።

ባቡሩን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ማጂክ ኪንግደምን የሚዞረው ባቡር እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ነው፤ ሞተሮቹ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ፊላደልፊያ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። እናቴ አባቷ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ፉጨቱን ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። ተሳፈርን፣ ዞርን፤ ሌላው ሰው ሲወርድ እሷ አልወረደችም። ባለቤቴ ትልቋን ይዞ ሄደ፣ እኔ ሕፃኑን አዝዬ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ሁለተኛውን ዙር ስንዞር ስለ አባቷ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ፤ የምሳውን ሳህን ይዛ ጣቢያው ድረስ ትሄድ እንደነበር፣ እጁ ዘይት ዘይት ይሸት እንደነበር። ልጁ ጀርባዬ ላይ ተኛ። ሦስተኛም ዞርን።

የአትላንታ ልጅ · ኅዳር 14
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴ የካቲት ላይ ተመልሳ ትመጣለች፤ ቪዛዋ አለ። ልጄም አሁን 4 ዓመቷ ነው፣ ማንም መያዝ የለበትም። የባቡሩ ጣቢያ ከመግቢያው ብዙ ይርቃል? ጉልበቷ እንደ በፊቱ አይደለም።

የሜሪላንዷ እናት · ኅዳር 15
ምንም አይርቅም እህቴ። ከበሩ እንዳለፋችሁ ፊት ለፊታችሁ የሚታየው ትልቁ ሕንፃ ራሱ ጣቢያው ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩም እዚያው መግቢያው አጠገብ ይከራያል። ጋሪ ከያዛችሁ ባቡሩ ላይ ማጠፍ አለባችሁ። ጠዋት ብትሄዱ ሰልፉ አጭር ነው።